ልታይ ልታይ

«ለእሳቸው ደግሞ መስኮት ምን ይሠራላቸዋል? ፀሐይ ወጣች ገባች፣ ለእሳቸው ያው ነው።»

ይህን ያለችው የወንድሙ ሚስት ናት። ያለችው ኮሪደሩ ውስጥ ሆና፣ በሹክሹክታ ነው፤ የዚያ ቤት ኮሪደር ግን ሹክሹክታ ተቀብሎ ጩኸት አድርጎ የሚያወጣ ኮሪደር ነው። ፊውዝ መሰላሉ ላይ ቆሞ የእናቱን ክፍል ግድግዳ እየበሳ ነበር። መብሻው ለአፍታ ባረፈበት በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ጆሮው ገባ። እናቱም ሰማች። አልጋዋ ጠርዝ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ተቀምጣለች። ቃሉ ሲደርሳት ፊቷ አልተለወጠም፤ የሻሿን ጫፍ ብቻ ነካ ነካ አደረገችው። ኮሪደሩ ውስጥ ወንድሙ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሙ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ሲያውቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሌላው ሰው ደግሞ ይህንኑ እንደ ስምምነት ይቆጥርለታል፤ ጉዳዩ ያልቃል። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው። ፊውዝም ከከንፈሩ መሐል አንድ ብሎን አወጣና ቀዳዳው ውስጥ ከተተው።

ፊውዝ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ድሮ ትንሽ ነገር ሲጫንበት ቱግ የሚል ሰው ስለነበር ነው። አንድ ጊዜ ከንዝረት የሚያድነው የምድር ሽቦ ይቅርብኝ ያለውን ባለ ሕንፃ «እንግዲያው መጀመሪያ አንተ ገብተህ ሻወር ውሰድበት» ብሎት፣ ፒንሳውን ጥሎ ሄዷል። ያ ወሬ ዛሬም ሲነሣ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሱ ግን የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሆኖ ይሰማል። ሚስቱን ከቀበረ ስምንት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያውቀው መልስ «እሺ» ብቻ ሆኗል። እሑድም ትገባለህ? እሺ። ኪራይ ጨምረናል። እሺ። የእማዬን ክፍል ሳሎን ልናደርገው ነው፣ ሶኬት ትተክልልናለህ? እሺ። በቀብሩ ዕለት ቄሱ «ወደማይመሽ ብርሃን ሄዳለች» ሲሉ ከኋላው ያሉት ሁሉ ሲያለቅሱ እሱ ያሰበው ሌላ ነበር። በሃያ ዓመት ሥራው ያየው ብርሃን ሁሉ ሽቦ አለው፣ ቆጣሪ አለው፣ ማጥፊያ አለው፤ የማይጠፋ ገጥሞት አያውቅም። ይህን ያሰበው ከክህደት አይደለም፤ እንደ ባለሙያ ነው። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ። ተቆጥቶም አልነበረም። እግሩ አልነሣ አለው፣ በቃ።

ክረምቱ ደግሞ ክረምት ነው። ፀሐይ ከጠፋች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ቀኑ በቅጡ ሳይነጋ ይመሻል፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ የታጠበ ካልሲ በየወንበሩ ጀርባ ላይ ተሰጥቶ ሳይደርቅ መሽተት ይጀምራል። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ፣ የተቆጣ ይመስል፣ ሰላምታ እየቆጠበ ያልፋል። ለፊውዝ ይህ ተስማምቶታል ማለት ይቻላል። በበጋ ሰው ፊቱን አይቶ «ምነው?» ይለዋል፤ በክረምት ማንም የማንንም ፊት አያይም።

የወንድሙ ሚስት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህ መነገር አለበት። አሥራ አራት ዓመት በሰው ፀጉር ቤት ቆማ ሠርታ፣ የእግሯ ደም ሥር ገመድ መስሏል። ሕንፃው ሲሸጥ ባለቤቲቱ ሠራተኞቿን ሁሉ በአንድ ቀን አሰናበተች፤ ለእሷም ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ ትልቅ መስተዋትና አንድ የሚሽከረከር ወንበር ሰጥታ ሸኘቻት። ሁለት ወር ሙሉ ዕቃውን እያየች ስታለቅስ ከረመችና አንድ ቀን «የራሴን ሳሎን እከፍታለሁ» አለች። ፀጉር ቤት አላለችም። ሳሎን ነው ያለችው፤ ቃሉን ስትጠራው ራሷ ቀና ትላለች። ለዚህ የተመረጠው መንገድ ዳር መስኮት ያለው የእናትየው ክፍል ነው። እናትየው ወደ ጓዳ ትገባለች። ጓዳው ያረጁ ሻንጣዎች፣ የተሰበረ ማራገቢያና ባዶ ጀሪካን የሚቀመጥበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ ወንድሙና ሚስቱ አጽድተው፣ ወለሉን በበረኪና አጥበው፣ ምንጣፍ አንጥፈውበታል። ቤቱ በእናትየው ስም ነው። ይህን ማንም አላነሣውም፤ እሷም ራሷ።

አራት ሰዓት ገደማ አልጋውን አነሡት። ፊውዝ ከራስጌው፣ ወንድሙ ከግርጌው ያዙና በጎኑ አዙረው በበሩ አሾለኩት። ሳሎኑን፣ ማለት የእንግዳ ክፍሉን፣ አቋርጠው ነው ወደ ጓዳ የሚኬደው። ያ ክፍል የቤቱ ትልቁ ክፍል ነው። ሁለት መስኮት አለው። ሶፋዎቹ ከተገዙ ዘጠኝ ዓመት ቢሞላቸውም ከሱቅ የመጡበት ላስቲክ አልወለቀላቸውም፤ ሰው ሲቀመጥባቸው ይንጫጫሉ፤ ስለዚህ ሰው አይቀመጥባቸውም። ከመስተዋት ቁም ሣጥኑ ውስጥ አሥራ ሁለት ብርጭቆ ተደርድሯል፤ አንዱም ከንፈር ነክቶት አያውቅም። ወንድሙ በአልጋው ግርጌ የሶፋውን ላስቲክ እንዳይቀድ እየተጠነቀቀ ሲያልፍ ላብ አጠመቀው። እናትየው ከኋላቸው አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ መጣች። ብርሃኗን ያጣችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ የዓይን ግፊት ነው አሉ ሐኪሞቹ። ቤቱን እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ጓዳው በር ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግድግዳ አልለመደችውም። «መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ልግባ» ብላ ተመለሰች።

አልጋውን ሲያስተካክል የወንድሙ ሚስት አንገቷን በበሩ አስገባች። ከኮርኒሱ በሽቦ የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ነበር። «ውይ፣ እሱንማ ንቀልልኝ። አዲስ ነው፤ ለመስተዋቱ ይሆነኛል። እዚህ ማን ሊያይበት ነው?» አለች። ፊውዝ «እሺ» አለ። ወንድሙ ጉሮሮውን ጠረገ። አምፖሉን በመሐረብ ይዞ አዞረውና ነቀለው፤ ጓዳው ድርግም አለ። ወስዶ ከመስተዋቱ በላይ ሰካው። ሲመለስ እናቱ ከአልጋው ላይ ተቀምጣ በመዳፏ ግድግዳውን እየዳሰሰች ነበር።

«አብርተህልኛል?» አለችው።

«እ?»

«መብራቱን ነዋ። ዛሬ ቅዳሜ አይደል? ሄሎ ትመጣለች።»

ሄሎ የእናቱ ወዳጅ ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ በዚያው ስሟ ሄሎ ሆኖ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጃንጥላዋን እየተመረኮዘች ትመጣና ለግማሽ ሰዓት ከመጽሐፍ ታነብላታለች፤ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሰው ያማሉ። ፊውዝ በሩ ላይ ቆመ። አምፖሉ ተነቅሏል ማለት ይችል ነበር። ያን ካለ ማን ነቀለው ይመጣል፤ ለምን ይመጣል፤ ከዚያ ኮሪደር፣ ወንድም፣ ሚስት፣ ልቅሶ። ይህ ሁሉ ቃል ከየት ይመጣል? እንደ ዕቃ ቤት ሁሉ ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ውጪ ነው። እጁን ዘረጋና ተጫነው። ቀጭ አለ።

«በርቷል?»

«በርቷል እማዬ።»

«ተባረክ» አለችና ቀና አለች። ሻሿን አስተካከለች፣ የሹራቧን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈች፣ እጆቿን አደራርባ ጭኗ ላይ አኖረች። ፎቶ ሊያነሷት የተዘጋጀች ትመስል ነበር። እሱ እንደ ምንም የሚያያት ከኮሪደሩ በሚገባው ጭላንጭል ነው። ሊያፍር ይገባው ነበር። አላፈረም። ያስገረመው እሱ ነው፤ እናቱን በጨለማ አስቀምጦ ዋሽቷት፣ ልቡ ውስጥ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም። የጓዳውን ጨለማና ውስጡ ያለውን ማንም ቢያወዳድር ልዩነት አያገኝም ነበር።

ከምሳ በኋላ ሶኬት አነሰ። ሁለት ሶኬትና አንድ ጥቅል የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ሊገዛ ወጣ። ባለሱቁ የድሮ ደንበኛው ነው፤ ሶኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ «ሦስት መቶ ሃምሳ» አለው። ፊውዝ ከፈለ። ባለሱቁ ገንዘቡን ይዞ አየው፤ ድሮ ቢሆን «ሌባ!» ብሎ ይጮህበት፣ እሱም ይምልለት፣ በሦስት መቶ ይጨርሱ ነበር። «አትከራከርም እንዴ?» አለው። «ክረምት ነው» አለ ፊውዝ። መልሱ ትርጉም አልነበረውም፤ ባለሱቁ ግን የገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀና አንድ ናስትሮ በነፃ ጨመረለት። ይህ ሰው ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ በነፃ የሰጠው የመጀመሪያው ዕቃ ሳይሆን አይቀርም።

መንገድ ላይ ዝናቡ ጨመረና ሳያስበው ከቤተ ክርስቲያኑ ክፈፍ ሥር ገባ። ሌሎችም ተጠልለው ነበር፤ አንዲት አትክልት ሻጭ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ፖስተኛ። በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ ጥቂት ሻማዎች ይታያሉ፤ ሽታቸው እስከ ውጭ ይመጣል። ሚስቱ እዚህ ስትመጣ የምትቆምበት ቦታ ከዚህ ይታያል፤ ሦስተኛው ምሰሶ አጠገብ። አሁን አንዲት የማያውቃት ወፍራም ሴት ቆማበታለች። ልቡ ቢያንስ ይህንን አይቶ ድንግጥ ይላል ብሎ ጠበቀ። አላለም። በረኛው ሽማግሌ መጥረጊያውን ተደግፎ ሲያየው ቆየና «ግባ እንጂ ልጄ፣ ውስጥ ደረቅ ነው» አለው። ሌላ ነገር አላለውም፤ ደረቅ ነው ብቻ። ፊውዝ «እሺ» አለና ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ። በስምንት ወር ውስጥ እሺ ብሎ ያልፈጸመው ይህን ብቻ ነው።

የውጭው በር ላይ ሄሎን አገኛት። ጃንጥላዋን ዘርግታ ልትወጣ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የስልክ ማዳመጫ ያደረገችበት ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ስለዚህ ስታወራ ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስላታል። «ተኝተዋል!» አለችው ጮክ ብላ። «ጓዳ ገብተዋል አለችኝ የወንድምህ ሚስት፣ ሄድኩ፣ ጨለማ ነው። ማብሪያውን ብጫነው አይበራም። ድምፅ ካለ ብዬ አዳመጥኩ፤ ያ የፀጉር ማድረቂያ ደግሞ ይጮሃል፣ ምኑም አይሰማኝ። እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል፣ ለምን እቀሰቅሳቸዋለሁ ብዬ ነው። ሰላም በልልኝ እሺ?»

«እሺ» አላት። ጃንጥላዋ በዝናቡ ውስጥ እየራቀ ሲሄድ ቆሞ አየው። ተኝታ አይደለም፣ ተመለሺ፣ ብሎ መጥራት ነበረበት። አፉም ተከፍቶ ነበር።

ቤት ውስጥ ካስኩ ይጮሃል። የወንድሙ ሚስት ገመድ ቀጥላ እየሞከረችው ነው፤ ከመስተዋቱ በላይ አምፖሉ በርቶ ፊቷን አሳምሮታል፤ ደስታዋ ያስታውቃል። ወንድሙ በሚሽከረከረው ወንበር ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። ፊውዝ አልፏቸው ወደ ጓዳው ሄደ። እናቱ ከአምስት ሰዓት በፊት ትቷት በሄደበት አኳኋን፣ ቀጥ ብላ፣ እጆቿን አደራርባ ተቀምጣለች። የሹራቧ ቁልፍ እስከ ላይ እንደተቆለፈ ነው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሄሎ መጥታ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «በጃንጥላዋ አወቅኳት። ግቢ አልኳት። በሩ ላይ ቆማ መብራቱን አጠፋችብኝና ሄደች።»

ፊውዝ ማብሪያ ማጥፊያውን አየው።

«ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተሳስታ ይሆናል፣ ትመለሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ምራቷ የተናገርኩት ነገር ነበር፤ በእሱ ትቀየማለች ብዬ አላሰብኩም። ሠላሳ ዓመት ተወዳጅተን በእሱ? ሰው ከነሕይወቱ ተቀምጦ መብራት ያጠፉበታል እንዴ?» ድምፅዋ አልተሰበረም። ሒሳብ እንዳልመጣላት ተማሪ ግንባሯ ተቋጥሮ ነበር። ከቀኑ ነገር ሁሉ ይህ ነው የከበደው፤ እሱ የዋሸው አንዲት ቃል ነው፣ በዚያች ቃል ደግሞ እናቱ የሠላሳ ዓመት ወዳጇን እያጣች ነው።

«አላጠፋችውም እማዬ።»

«ስሰማው!»

«ልታበራው ፈልጋ ነው። ከመጀመሪያውም አልበራም ነበር። በርቷል ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው።»

ካስኩ ከወዲያኛው ክፍል ሲጮህ ሲጮህ ቆየ። እናቱ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ዓይነ ስውር ሰው ፊቱን ሲያዞርባችሁ የምታዩትን ያየው ብቻ ያውቀዋል፤ መደበቂያ የለውም። ቁጣ እየጠበቀ ቆመ።

«እሱማ ይሁን» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው?»

ከጠዋት ጀምሮ ሊል ነበር። አምፖሉን ነቅዬ ለመስተዋቱ ሰጠሁት ሊል ነበር። አፉ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

«እሷን ከቀበርናት ጀምሮ።»

እሱ ራሱ የሰማው ከተናገረው በኋላ ነው። እናቱ ስለ አምፖል እንደጠየቀችው ያውቃል፤ እሷም እሱ ስለ አምፖል እንዳልመለሰ ገባት። እጇን ዘረጋችና አልጋው ላይ ከጎኗ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ሄዶ ተቀመጠ። ኮቱ በዝናብ ረጥቦ ነበር፤ እጅጌውን ዳበሰችው። ከዚያ፣ ይባስ ብሎ፣ ሳቀች።

«እኔ ደግሞ ምን ሆኜ ነው ቀኑን ሙሉ መብራት መብራት የምለው ብለህ አትጠይቀኝም? ሰው ልታይ ልታይ አለች ይበለኝ እንጂ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ልታይ ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር የምቀመጠው ለማየት መስሏችኋል? ዘጠኝ ዓመቴ ሳላይ። ማየቱንማ ተውኩት። ቁጭ እልና ይኸው አለሁ፣ እየኝ እለዋለሁ።»

«ማንን?»

«ማንን ነው የሚል ደግሞ! ብርሃን ነው የሚሉት እግዜርን አይደል? ዓይኔ ደህና እያለ፣ ብርሃን ሲሉኝ የማየው ነገር ይመስለኝ ነበር። ከታወርኩ ወዲህ ነው የገባኝ። እኔ ባላየውም እሱ ያየኛል። ማየቱ እኔ ላይ ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ፊውዝ ወደ ጨለማው ኮርኒስ ቀና አለ። «ፀሐይ የለም እኮ እማዬ። ሦስት ሳምንት ሆኗል። መስኮቱም ቢሆን ደመና ብቻ ነው።»

«ደመና ፀሐይን ከእኔ ይጋርዳታል እንጂ እኔን ከእሱ ይጋርደኛል እንዴ?» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንተም ምንም አይታየኝም ብለህ ነው አይደል ቤተ ክርስቲያን የተውከው? አይታይህ። ማየት አቅቶሃል፤ አላስገድድህም። ቁጭ ብለህ መታየት ግን ማን ይከለክልሃል? ምንም ሥራ የለበትም።»

ይህ ንግግር አልፈወሰውም። እንባ አልመጣም፣ ደረቱ ውስጥ የሞቀ ነገር አልተሰማውም። ግን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ «አይዞህ»፣ «ጠንክር»፣ «እመን» ብለው አንድ ነገር እንዲሠራ ያላዘዘው ሰው አልነበረም፤ እናቱ ብቻ ምንም ሥራ የለበትም አለችው። ተነሣ። «ቆይ እማዬ» አለና ወጣ።

መንገድ ዳር ወዳለው የእናቱ ክፍል ገብቶ መሰላሉ ላይ ወጣ። ጠዋት የተከለውን የመጀመሪያ ሶኬት ብሎን መፍታት ጀመረ። የወንድሙ ሚስት ለማጥበቅ መስሏት ቆማ አየችው። ሶኬቱ ተነቅሎ በሽቦው ሲንጠለጠል ግን ካስኩን አጠፋችው። ቤቱ ድንገት ጭር አለ።

«አንተ! ምን እያደረግክ ነው?»

«እነቅለዋለሁ። አልጋው እዚህ ይመለሳል።»

«ቀልደኛ! ስንት ቀን ተመካክረን? እሺ ብለህ አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«እና የእኔ ሳሎንስ?» የእውነት ፈርታ ነበር። «ቦታ ሰጥታችሁኝ ነው የምትነጥቁኝ? ከሌላው ሰው ደጅ ቆሜ ልለምን?»

«ሳሎን አይደል የምትከፍቺው?» አላት ፊውዝ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ። «ሳሎን እኮ አለሽ። ሁለት መስኮት ያለው። ነገ መጥቼ አራት ሶኬት እተክልልሻለሁ።»

መጀመሪያ አልገባትም ነበር። ወንድሙ ግን ጋዜጣውን ዝቅ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ፤ በዚህ ጊዜ ጉሮሮ መጥረጉ መሐል ላይ ሳቅ ሆኖ አመለጠው። ሚስቱ በቁጣ ዞረችበት። «የእንግዳ ክፍል ነው እኮ! ሶፋዎቹን የት ላድርጋቸው? እንግዳ ቢመጣ የት ነው የማስቀምጠው?»

ፊውዝ ሁለተኛውን ብሎን እያወጣ ነበር። ወደ እሷ ሳይዞር ተናገረ።

«እንግዳ መጥታ ነበር። አንቺው ወደ ጓዳ ላክሻት። ጨለማ ስለሆነ፣ እማዬን ሳታያት ተመለሰች። እማዬ ደግሞ እስካሁን ጨለማ ውስጥ ለእንግዳዋ ሻሿን አስተካክላ ቁጭ ብላለች።»

የወንድሙ ሚስት አንድ ጊዜ ወደ ጓዳው፣ አንድ ጊዜ ከመስተዋቱ በላይ ወደ በራው አምፖል አየች። በሚሽከረከረው ወንበር መደገፊያ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ፊቷ ቀላ። «ተኝተው መስሎኝ ነው እኮ» አለች በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። ወንድሙ ጋዜጣውን በአራት አጠፈና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቆመ። ሁለቱም ጉሮሮውን እስኪጠርግ ጠበቁት። አልጠረገም።

«አልጋውን በየት በኩል ነው የምናሾልከው?» አለ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አልጋው ከመስኮቱ ሥር ነበር። ሶፋዎቹ ተገፍተው ኮሪደሩን ዘግተውታል፤ ላስቲካቸው ያለማቋረጥ ይንጫጫል። ወንድሙና ሚስቱ ሳሎኑ ውስጥ ሆነው መስተዋቱ የት ቢሆን እንደሚሻል ሲከራከሩ ይሰማል፤ እሱም እየተናገረ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ለሄሎ ተደውሎላታል። «አልተኙም ነበር?!» ብላ ከጮኸች በኋላ ነገ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ ብላለች።

ውጭ ሰማዩ እንደ አመድ ነው። ዝናቡ አላቆመም። አንድ አውቶቡስ ውኃ እየረጨ አለፈ። እናቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ከጎኗ ያለውን ቦታ እንደገና መታ መታ አደረገችው። ፊውዝ የመሣሪያ ቦርሳውን ዘግቶ ሊሄድ ነበር። ቦርሳውን ወለሉ ላይ አኖረና ተቀመጠ፤ እሱም ፊቱን እሷ ወዳዞረችበት አዞረ። የሚታይ ነገር አልነበረም። የመስኮቱ መስተዋት፣ ጠብታ፣ ከወዲያ ግድግዳ። ሚስቱን አሰባት፤ እሷም ቢሆን አሁን ከሚታይበት ቦታ ናት ብሎ ሊያስብ ሞከረ፤ ሐሳቡ መጣም አልመጣም ሊባል በማይችል ሁኔታ አለፈ። ምንም አልተሰማውም። አልተነሣምም።

«ትቸኩላለህ?» አለችው እናቱ።

«አልቸኩልም» አላት። ይኸኛው እውነት ነበር።